የውጭ ቋንቋ የመናገር ፍርሃት

የውጭ ቋንቋ የመናገር ፍርሃት አንድ ሰው አፍ ባልፈታበት ቋንቋ ሲናገር ወይም ሊናገር ሲል የሚይዘው ጭንቀት ነው። ቋንቋውን አንብቦ የሚረዳና የጽሑፍ ፈተና የሚያልፍ ተማሪ እንኳ በዚህ ፍርሃት ምክንያት የሚያውቀው ቃል ሊጠፋበት፣ ሊንተባተብ ወይም ጭራሹን ዝም ሊል ይችላል። በመሆኑም የተማሪ ዝምታ ሁልጊዜ የዕውቀት ማነስን አያሳይም።

የጥናቱ ታሪክ

በዚህ ርዕስ ላይ በብዛት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ኢሌን ሆርዊትዝ፣ ማይክል ሆርዊትዝ እና ጆአን ኮፕ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ነው። አጥኚዎቹ ጭንቀቱን ለመለካት 33 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አዘጋጁ። ጭንቀቱንም ከሦስት ነገሮች ጋር አያያዙት፦

- ከሰው ጋር የመነጋገር ፍርሃት
- የፈተና ፍርሃት
- «ሰዎች ይንቁኛል» የሚል ፍርሃት

የግል ምክንያቶች

ዓይን አፋርነት፣ በራስ አለመተማመንና «ሳልሳሳት ካልተናገርኩ» ማለት ተማሪውን ከመናገር ይገቱታል። የመማር ፍላጎትም ድርሻ አለው። ሮበርት ጋርድነር እና ዋላስ ላምበርት ፍላጎትን በሁለት ከፍለውታል፤ አንዱ ቋንቋውን ከሚናገረው ሕዝብ ጋር ለመቀራረብ፣ ሌላው ለሥራ ወይም ለሌላ ጥቅም ሲባል የሚመጣ ነው። ፒተር ማክንታይር እና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የመናገር ችሎታና ለመናገር ፈቃደኛ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረድተዋል።

ማኅበራዊ ምክንያቶች

የክፍል ጓደኞች ሳቅ፣ የመምህሩ አስተራረምና የአድማጩ ማንነት ተናጋሪውን ያበረታታሉ ወይም ያሸማቅቃሉ። ቦኒ ኖርተን በካናዳ ስደተኛ ሴቶችን ባጠናችበት ጊዜ እንግሊዝኛ ለመማር ብርቱ ፍላጎት ያላቸው ሴቶችም ከእነሱ የበለጠ ሥልጣን ባላቸው ሰዎች ፊት ለመናገር እንደሚቸገሩ አሳይታለች። ስለዚህ ችግሩ የተናጋሪው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሚሰማው ሰው የሚሰጠው ቦታም ጭምር ነው።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ1994 (1986 ዓ.ም.) የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ሆኖም ብዙ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ በእንግሊዝኛ የሚነጋገሩት ሰው የላቸውም። በጓደኞቹ መካከል በእንግሊዝኛ የሚናገር ተማሪ ሲሳሳት ሊሳቅበት፣ ሳይሳሳት ደግሞ ጉረኛ ሊባል ይችላል። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ የጀመረው ዝምታ በሒሳብም ሆነ በባዮሎጂ ክፍል ጥያቄ ከመጠየቅ ሊያግድ ይችላል።

ምክንያት ወይስ ውጤት?

ሪቻርድ ስፓርክስ እና ሊዮኖር ጋንሾው ጭንቀቱ ቋንቋ የመማር ችግር ምክንያት ሳይሆን ውጤት ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል። በሌላ በኩል ሁለቱ እርስ በርስ ሊመጋገቡ ይችላሉ፤ የሚፈራ ሰው አይናገርም፣ የማይናገር ሰው ልምምድ ያጣል፣ ልምምድ ያጣ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይፈራል።

የሚቀንሱ ዘዴዎች

- በክፍሉ ሁሉ ፊት ከመናገር በፊት ሁለት ሁለት እየሆኑ መለማመድ
- ከጥያቄ በኋላ ለማሰብ ጊዜ መስጠት
- ተናጋሪውን በየስህተቱ አለማቋረጥ፤ ሐሳቡን ከጨረሰ በኋላ ማረም
- በተሳሳተ ተማሪ ላይ መሳቅን ከክፍሉ መከልከል