የስም ወሰን፤ ከጋምቤላ ውል እስከ ፓይተን

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ሥፍራ ለብሪታንያና ለሱዳን መንግሥት ፈቀዱ፤ ሥፍራውም ጋምቤላ ሆነ። በወሰኑ ውስጥ የሱዳን አስተዳደር፣ ከወሰኑ ውጭ የኢትዮጵያ ሥልጣን ይሠራ ነበር።

ጊዶ ቫን ሮስም በ1983 ዓ.ም. ያወጣው የኮምፒዩተር ቋንቋ ፓይተንም ለስሞች ወሰን ያበጃል። ፋንክሽን ሲጠናቀር ውስጣዊ ስሞቹ የቦታ ቁጥር ስለሚሰጣቸው ፈጥነው ይገኛሉ፤ ውጫዊዎቹ ግን በየጊዜው ከመዝገብ ይፈለጋሉ። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው ነምባ ፋንክሽኑን ወደ ማሽን ቋንቋ በመለወጥ ያፈጥነዋል፤ ነገር ግን ውጫዊው ስም በተጠናቀረበት ጊዜ የነበረውን ዋጋ እንደ ቋሚ ይይዘዋል።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ፣ ከወሰኑ ውጭ በሆነ ለውጥ የጋምቤላ ውል መሠረቱን አጣ። የተጠናቀረው ፋንክሽን ግን የውጭውን ለውጥ ሳይሰማ አሮጌውን መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ተለዋዋጭ ዋጋ ሁሉ ለፋንክሽኑ በግልጽ ሊሰጠው ይገባል።