ከቢታ ገነት እስከ ዘጌ፦ የአንድ ቀን የእግር መንገድ



ባለፈው ጥቅምት ለጉዳይ ባሕር ዳር ሄጄ አንድ ቀን ተረፈኝ። ብቻዬን ወደ ዘጌ ሄድኩ። ጠዋት በጀልባ ተሻገርኩ፣ ከገዳም ገዳም በእግሬ ስሄድ ዋልኩ፣ ማታ በአፋፍ በኩል በመኪና ተመለስኩ።

የሄድኩት ለጉብኝት ብቻ አልነበረም። ቢታ ገነት ሳስተምር ዘጌን በጠራሁ ቁጥር አንዱ እጁን ያወጣል፦ «መምህር፣ ቡና የእኛ ሆኖ ሳለ ዘጌዎች በመነኩሴ ጸሎት በቀለ የሚሉት ለምንድን ነው?» ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ ስቄ አልፋለሁ። ያቺ ጥያቄ ግን ዕዳ ሆና ቆየችብኝ።

ትውፊቱ እንዲህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም የሚባሉ ጻድቅ ወደ ዘጌ መጥተው ገዳም መሠረቱ። ሕዝቡ የሚኖርበትን እንዲሰጣቸው ጸልየው በትራቸውን ከሦስት ቆርጠው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ። በዚያውም ግዝት ተጣለ፦ በዘጌ መሬት አይታረስም፣ ከብት አይገባም።

ከበትረ ማርያምና ከመሐል ዘጌ ጊዮርጊስ ተነሥቼ ወደ አዝዋ ማርያም ስሄድ ይሄ ግዝት ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ አየሁት። በሬ የለም፣ አህያ የለም፣ ሸክሙ ሁሉ በሰው ጀርባ ነው። መንገዱ በቡና መሐል ያልፋል፣ ከላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ጥለውበታል። ፍሬው ገና መቅላት ጀምሯል። እውነቴን ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ያንን እርጥብ ቅጠል ሳሸተው ቢታ ያለሁ መሰለኝ።

ለካ ያ የምንስቅበት ታሪክ የመሬት ሕግ ነው! ቡና መጀመሪያ የት በቀለ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው፤ የአረቢካ ቡና የዱር ዝርያዎች በብዛት የሚገኙት በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ውስጥ ነው። የዘጌ ትውፊት የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ጣና ዙሪያ ያለው አገር ብዙው ታርሶ ሲራቆት ይሄ ጫካ ለምን ቀረ? ሕዝቡ የሚለቅመው ቡና ስላለው፣ ማረስም ስለተገዘተ ነው። ጥቅምና ግዝት አንድ ላይ ጠበቁት።

የሚገርመው ደግሞ፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ብዙው የሰሜን ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይርቀው ነበር። የገዳም ቡና ግን በታንኳ ጣናን እየተሻገረ ገበያ ይወጣ ነበር።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስደርስ ቀትር አልፏል። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፦ እመቤታችን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ፣ ሰማዕታት። ከቅዱሳኑ እግር ሥር ደግሞ ሥዕሉን ያሣሉት ሰዎች ተደፍተው ይታያሉ። እዚያ ቆሜ «ይሄን ሁሉ ያሣለውን ቡና ማን ለቀመው?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

መልሱ ደስ አይልም። የዘጌ ባለጸጎች ባሮች ነበሯቸው፣ ቡናውን ከለቀሙት መካከል እነሱም አሉበት። በአገራችን ባርነት በአዋጅ ጨርሶ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፣ የአያቶቻችን ዘመን ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የለቃሚዎቹን ፊት ፈለግኩ፣ አላገኘሁም።

እኛ ከፋዎች ደግሞ ይሄን ነገር ከሌላው ጫፍ እናውቀዋለን። በ1889 እና በ1890 የዐፄ ምኒልክ ጦር በወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ከፋን ሲይዝና ንጉሣችን ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ፣ በጦርነቱና ከዚያ በኋላ ብዙ ሕዝባችን ተገድሏል፣ ብዙውም ለባርነት ተነድቷል። ስለዚህ «ቡና የእኛ ነው» ብሎ ዘጌን መሳቅ ብቻውን አያዋጣም። ዘጌን እያደነቁ ለቃሚውን መርሳትም እንዲሁ።

ከኡራ ወደ አፋፍ ስወጣ ሐሳቤ ሁሉ አገር ቤት ነበር። እኛም እኮ የራሳችን ግዝት ነበረን። ጉዶ የምንለው የአምልኮ ደን አይቆረጥም ነበር። በኮቦ ሥርዓት ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ቡና የሚለቅምበትና ቀፎ የሚሰቅልበት የጫካ ድርሻ ነበረው። ዛፉን የሚጠብቀው የራሱ ስለነበር ነው። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። መመዝገቡ ጥሩ ነው። ግን የዘጌን ጫካ ስንት መቶ ዓመት ያቆየው ወረቀት አይደለም። ዛሬ እዚያም ማገዶ እየተቆረጠ ባሕር ዳር ይሸጣል፤ እኛም ጋ ደኑ ለእርሻና ለሰፈራ እየተመነጠረ ነው።

ያኔ እጅህን ያወጣኸው ተማሪዬ፣ ይሄን ካነበብክ፣ መልሴ ዘግይቷልና ይቅርታ። ዘጌዎች እንደዚያ የሚሉት ጫካቸውን ለማቆየት ነው።

አሁን ጥያቄው የእኔ ነው። እናንተ አካባቢ አያቶቻችሁ «አይቆረጥም» ይሉት የነበረ ዛፍ ወይም ጫካ አለ? ዛሬስ ቆሟል? ስሙንና ቦታውን ጻፉልኝ። አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ እንመዝግበው።