ዶክተር መንሱር ኻሊድና የአዲስ አበባው ስምምነት

ለኢዮቤልዩ መጽሔታችን የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ስንጠየቅ ብዙዎቻችሁ ስለ ስደታችን እንደምንጽፍ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኛ ግን የመረጥነው አንድ ሱዳናዊ ዲፕሎማት ነው። ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካፉሪ ከሱቃችን ደጃፍ ተቀምጠው የጀበና ቡና የሚጠጡ ደንበኞቻችን መንግሥትን ሲያሙ «የውድቀት ሱስ» የምትለው አነጋገር ከአፋቸው አትጠፋም ነበር። ለዓመታት የሰፈር ተረት ይመስለን ነበር። ኋላ ነው የመጽሐፍ ርእስ መሆኗን የተረዳነው፤ ሙሉው «የሱዳን ልሂቃንና የውድቀት ሱስ» ነው፤ ጸሐፊውም ዶክተር መንሱር ኻሊድ ናቸው።

ዶክተር መንሱር በ1931 ኦምዱርማን ተወለዱ። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በአሜሪካና በፓሪስ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በተባበሩት መንግሥታትና በዩኔስኮ ሠርተዋል። በኒሜሪ ዘመን በመጀመሪያ የወጣቶች፣ ከ1971 እስከ 1975 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ከአገራችን ጋር ስማቸው የተያያዘው ያኔ ነው። የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከ1955 ጀምሮ ሲነድ የነበረ ነው። በ1972 የካርቱም መንግሥትና የደቡብ ታጋዮች ልዑካን አዲስ አበባ ላይ ተገናኙ። የመንግሥቱን ወገን የመሩት አቤል አሊየር ሲሆኑ ዶክተር መንሱርም አብረው ነበሩ። ንግግሩ የጦሩ ነገር ሲነሣ ተቆላለፈ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገብተው አለዘቡት፤ በደቡብ የሚሰፍረው ጦር 12,000 ሆኖ 6,000ው ከደቡብ፣ 6,000ው ከሰሜን እንዲሆን ተስማሙ። ነጋዴዎች ነንና ሚዛን የያዘ ሂሳብ ደስ ይለናል። ፌብሩዋሪ 27 ቀን ፊርማው ተቀመጠ።

ሰላሙ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። በ1983 ኒሜሪ ደቡብን ሦስት ቦታ ከፋፍለው ስምምነቱን አፈረሱት፤ ጦርነቱም ዳግም ተነሣ። ከዚያ በኋላ ካርቱም የደርግን ተቃዋሚዎች፣ አዲስ አበባ ደግሞ የጆን ጋራንግን ጦር አስጠጉ። እኛ በእግራችን ድንበር ያቋረጥን ሰዎች የገባነው በዚህ መካከል ነው። በአንዱ ወር «እንግዶቻችን» ስንባል በሌላው ወር በሁለቱ መንግሥታት ኩርፊያ የተነሣ መታወቂያችን ይመረመር ነበር። ስለ እኒህ ሰው መጻፍ የፈለግነው ለዚህ ነው፤ ያ ፊርማ ቢጸና ኖሮ የእኛም የካርቱም ኑሮ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብለን እናምናለን።

ዶክተር መንሱር በ1970ዎቹ መጨረሻ ከኒሜሪ ተለይተው ወደ ምርምር ዞሩ። ዋሽንግተን ተቀምጠው አጠኑ፤ ስለ አካባቢና ልማት በተቋቋመው በብሩንትላንድ ኮሚሽንም ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1985 የኒሜሪን አገዛዝ የሚተች መጽሐፍ አወጡ፤ በ1987 የጋራንግን ንግግሮች አሰባስበው አሳተሙ፤ በ2003 ደግሞ ስለ ሱዳን ጦርነትና ሰላም ወፍራም መጽሐፍ ጻፉ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከጋራንግ ንቅናቄ ጋር አማካሪ ሆነው ተሰልፈዋል።

«ራሱም ከዚያው ልሂቅ አንዱ አይደለም እንዴ? ኒሜሪን ያገለገለው ማን ነው?» የሚል ደንበኛ ነበረን። እውነት አለው። ይሁን እንጂ የኦምዱርማን ተወላጅ ሆኖ ወደ ደቡቦቹ ትግል መግባት ከወንበር ላይ ሆኖ ከመውቀስ ይለያል፤ በዚህ ከደንበኛችን ጋር እስከ መጨረሻው አልተስማማንም።

ዶክተር መንሱር በኤፕሪል 2020 ዐረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ፈነዳ። መጽሐፋቸውን ከአረብኛ መዝገበ ቃላት ጋር ቀስ እያልን እናነብ ነበር፤ ከሚዛኑ ሥር ባለው መሳቢያ ነበር የምናስቀምጠው። ካፉሪን ለቀን ስንወጣ ልጆቹንና ሰነዶቻችንን ያዝን፤ መጽሐፉ እዚያው ቀረ፤ ገና ግማሹ ላይ ነበርን።