ግድግዳ የሚያንኳኳ ሰው

ለባንክ መያዣ የሚቀርብን ቤት መሐንዲስ ይገምተዋል፤ ክፍያውንም ተበዳሪው ይችላል። መሐንዲሱ የሚጽፈው ግን የቤቱን ዋጋ እንጂ ሕመሙን አይደለም። የአፍንጮ በርን የጭቃ ቤት ሕመም ለማወቅ፣ አናጢ ጠርቶ የግድግዳውን ቋሚ ማስንኳኳት ይበቃል፤ ጤነኛው እንጨት አጥብቆ ይመልሳል፣ ምስጥ የበላው ኦና ድምፅ ያሰማል። ዋጋው ከአንድ ሰው የቀን ሙያ አይበልጥም። ማን ይክፈለው?

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ቀነሰ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት የማይደርስበት፣ ተከራዩ «የእኔ አይደለም» የሚለው፣ ቀበሌውም ከጥቂት ብር ኪራይ የሚያድስበትን ያጣለት ግድግዳ ስንት ክረምት ጠጣ!

በ2016 ዓ.ም. በጎረቤት ፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ብዙውን ግድግዳ ከስንት ዘመን በኋላ ያንኳኳው ኤክስካቫተር ነበር።