ስፒከሩ ዋሽቷል ወይስ ዘግይቷል?

ዛሬ ትንሽ የሰዓት ታሪክ ላውጋችሁ። መነሻዬ አባቴ ነው።

እህቴ ከዱባይ ሁለት የዋይፋይ ስፒከር ላከችልን። አንዱን ሳሎን፣ ሌላውን አባዬ መኝታ ቤት አደረግኩት። አባዬ የእጅ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በቢቢሲ ነው። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል "ፒፕ ፒፕ" የሚሉትን ስድስት ድምፆች ጠብቆ። በአዲሱ ስፒከር በኢንተርኔት ከፈትኩለት፣ አስተካከለ። ማታ ከስልኬ ጋር ስናስተያየው ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። "ይሄ ዕቃህ ይዋሻል" አለኝ። የታሪክ አስተማሪ ሆኜ መልስ አጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

እነዚያ ድምፆች ከለንደን መሰማት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። የግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ የነበረው ፍራንክ ዳይሰን እጁ አለበት። የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ መዘግየቱ ለእጅ ሰዓት ከቁጥር አይገባም። በኢንተርኔት ግን ድምፁ ተቆራርጦ ይላካል፤ እንዳይቋረጥ ብሎም ስፒከሩ ጥቂት አጠራቅሞ ነው የሚያጫውተው። ስለዚህ ፒፑ ሲደርስ ሰዓቱ አልፏል።

ታዲያ ስፒከሩ ራሱ ሰዓቱን ከየት ያውቃል? እዚህ ላይ ዴቪድ ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ ይመጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ ግላኮማ ነበረበት፤ በኋላ ጨርሶ ማየት አቁሟል። ኔትወርክ ታይም ፕሮቶኮል የተባለውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 በጽሑፍ አወጣ። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ነው። መሣሪያው "ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ይልካል፣ መልሱ ይመጣል። መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካና ግማሹን መልሱ ላይ ይደምራል። መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ብሎ በማመን ነው እንግዲህ! መንገዱ በአንድ በኩል ከተጨናነቀ ይሳሳታል፤ ለዚህም ነው ደጋግሞ፣ ብዙ ቦታ የሚጠይቀው። ሚልስ በ2024 መጀመሪያ በ85 ዓመቱ አረፈ። ስሙን ስንቶቻችን ሰምተናል?

የሁለት ስፒከር ነገር ደግሞ ይብሳል። በየሆዳቸው ያለችው የኳርትዝ ክሪስታል እኩል አትመታም። በሚሊዮን ሴኮንድ 20 ሴኮንድ ብቻ ቢለያዩ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊሴኮንድ ይራራቃሉ። ትንሽ ይመስላል፣ ጆሮ ግን ይይዘዋል፤ ዘፈኑ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደተዘፈነ ያስተጋባል። ስለዚህ አንዱ አለቃ ይሆናል፣ ሌላው ሰዓት እየጠየቀ አካሄዱን ፈጠን ወይ ዘገም ያደርጋል። ለዚህ የእውነተኛው ሰዓት ትክክልነት አያስፈልግም፤ እርስ በርስ መስማማታቸው ይበቃል።

ይሄን ሁሉ ለአባዬ አስረዳሁት። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ መሃል በሩ ላይ ቆሞ አንድ ሙሉ ዘፈን አዳመጠ። "እሺ፣ ለዘፈን ይሁን" አለ። ሰዓቱን ግን አሁንም በአሮጌው አጭር ሞገድ ሬዲዮው ነው የሚያስተካክለው።