ከፊደሉ በታች ያለው ሞላ፦ የሜካኒካል ኪቦርድ ስዊች ታሪክ

ሜካኒካል ኪቦርድ ለመግዛት የሚነሣ ሰው በዚህ ዘመን በቅድሚያ የሚጠየቀው ስለ ቀለም ነው፤ ቀዩን፣ ቡናማውን፣ ሰማያዊውን ወይስ ጥቁሩን ስዊች እንደሚመርጥ። ስዊች ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ተቀምጦ ጣት ሲጫነው የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚያገናኝ፣ ጣት ሲለቀው ደግሞ የሚያቋርጥ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ለየቁልፉ የራሱ ስዊችና የራሱ ሞላ ያለው ኪቦርድ ሜካኒካል ይባላል። ቀለሞቹ የግል ምርጫ ብቻ መስለው ይቅረቡ እንጂ ከየቀለሙ ጀርባ አንድ ዘመን፣ አንድ የሥራ ቦታና አንድ ዓይነት ሠራተኛ አለ። ለጽሕፈት የታሰበው ስዊች ለጨዋታ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ የታሰበው ደግሞ ለደራሲ የተሸጠበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ ምርጫው ትርጉም የሚኖረው እያንዳንዱ ስዊች ለምን እንደተሠራ ሲታወቅ ነው።

የነገሩ መነሻ የጽሕፈት መኪና ነው። ክሪስቶፈር ሾልስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የሠሩትንና እ.ኤ.አ. በ1868 የፈጠራ መብት ያገኙበትን መኪና፣ ጠመንጃና የልብስ ስፌት መኪና ይሠራ የነበረው የሬሚንግተን ፋብሪካ አሻሽሎ በ1874 ለገበያ አቀረበው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ መኪና ላይ ፊደሉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው የጸሐፊው የጣት ጉልበት ራሱ ስለነበረ፣ ቁልፉ ሥራውን መፈጸሙን ጣትም ጆሮም ያለ አማላጅ ያውቁ ነበር። አይቢኤም በ1961 ሴሌክትሪክ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና ሲያወጣ ጉልበቱን ሞተር ተረከበው፤ ቢሆንም ኳስ መሰሉ የፊደል ራስ ወረቀቱን በመታ ቁጥር ድምፁና ንዝረቱ አልጠፉም። ችግሩ የመጣው ከኮምፒዩተር ጋር ነው፤ በኮምፒዩተር ኪቦርድ ላይ ቁልፉ የሚያንቀሳቅሰው ምንም ከባድ ነገር የለምና፣ ጸሐፊው ፊደሉ መመዝገቡን በጣቱ እንዲያውቅ ከተፈለገ ያ ስሜት ሆን ተብሎ መሠራት ነበረበት። የስዊች ጥበብ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

ለጥያቄው እስከ ዛሬ ያልተበለጠውን መልስ የሰጡት የአይቢኤም መሐንዲሶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድርጅቱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ የሠራቸው ኪቦርዶች እጅግ ጥሩ ስሜት ያላቸው፣ ነገር ግን ረጃጅምና ውድ ነበሩ፤ ሪቻርድ ሐንተር ሐሪስ የተባለው መሐንዲስ በ1978 የፈጠራ መብት ያገኘበት የሚታጠፍ ሞላ ደግሞ ያንኑ ስሜት በጥቂት ክፍሎች መስጠት ቻለ። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከቁልፉ ሥር የቆመው ጠምዛዛ ሞላ ከላይ ሲጫኑት ቀስ በቀስ እየተጨመቀ ይሄድና፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል፤ በዚያች ቅጽበት ሞላው የቤቱን ግድግዳ መትቶ ድምፅ ያሰማል፣ ከሥሩ ያለውን ትንሽ መዶሻ ገፍቶ ፊደሉን ያስመዘግባል፣ ከጣቱ ላይም ክብደቱ ድንገት ይቀንሳል። ስሜቱ፣ ድምፁና ምዝገባው በአንድ እንቅስቃሴ፣ በአንድ ጊዜ የሚፈጸሙ በመሆናቸው ጸሐፊው ጣቱ የሚነግረውን ማመን ይችላል። ኋላ የመጡ ብዙ ስዊቾች ድምፁን ወርሰው ይህን መጣጣም ሳይወርሱ መቅረታቸው የሚያስቆጭ ነው።

ይህ ሞላ በ1981 ከመጀመሪያው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ጋር በወጣው ሞዴል ኤፍ በተባለው ኪቦርድ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። በ1980ዎቹ አጋማሽ እሱን የተካው ሞዴል ኤም ያንኑ ሞላ ይዞ፣ ከሥሩ የነበረውን ውድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ግን በስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ለወጠ። ለውጡ የመጣው የማምረቻ ዋጋን ለመቀነስ እንጂ ጥራትን ለመጨመር አልነበረም፤ ሆኖም ሞዴል ኤም ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፣ ለዓመታት የማይበገር ዕቃ ሆኖ ቀረ፤ የቁልፎቹ አደራደርም እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ የጠረጴዛ ኪቦርዶች ላይ የሚታየው መሠረት ነው። በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ የነበረው የአይቢኤም የኪቦርድ ሥራ በ1991 ሌክስማርክ ወደተባለው አዲስ ኩባንያ ተላለፈ፤ ከ1996 ወዲህ ደግሞ በዚያው ከተማ የተቋቋመው ዩኒኮምፕ በወረሳቸው ማሽኖች የሚታጠፈውን ሞላ ማምረቱን ቀጠለ።

ዛሬ በቀለም የሚጠሩት ስዊቾች ግን የትውልድ ቦታቸው ሌላ ነው። ዋልተር ቼሪ በ1953 በኢሊኖይ ግዛት የመሠረተው የቼሪ ኩባንያ ዋና የኪቦርድ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ጀርመን ተሻግሮ ነበር፤ በጀርመን ደግሞ በዚያን ጊዜ የቢሮ ሠራተኞችን የእጅ ድካም ለመቀነስ የወጣው የደረጃ መስፈርት የኪቦርዱ መካከለኛ ረድፍ ከጠረጴዛው ከ30 ሚሊሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይጠይቅ ነበር። የቀድሞዎቹ ረጃጅም ስዊቾች በዚህ ልክ ውስጥ ሊገቡ አልቻሉም። ቼሪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤምኤክስ የተባለውን አጠር ያለ ስዊች ያወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ስለዚህም በዛሬ ተጫዋቾች ዘንድ እጅግ የታወቀው የስዊች ቤተሰብ ቅርጹን የወሰደው ከጨዋታ ሳይሆን ከሠራተኛ ጤና ደንብ ነው ማለት ይቻላል። ከራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ይህ ስዊች ሲጫኑት 4 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚመዘገበው ግን ከመንገዱ እኩሌታ ላይ፣ ወደ 2 ሚሊሜትር ሲደርስ ነው።

ሦስቱ ዐበይት ዓይነቶች የሚለዩት በዚህች አጭር መንገድ ላይ በሚሆነው ነገር ነው። ሊኒየር የሚባለው ከላይ እስከ ታች ያለ ምንም መሰናክል የሚወርድ ነው፤ ጥቁሩ በ60 ሴንቲኒውተን ግፊት ሲመዘገብ ኋላ የመጣው ቀዩ 45 ይበቃዋል፤ አንድ ሴንቲኒውተን ከአንድ ግራም ክብደት እምብዛም አይርቅም። ታክታይል የሚባለው፣ ለምሳሌ ቡናማው፣ መሀል መንገድ ላይ ጣት የሚያውቀው ትንሽ ጉብታ አለው። ክሊኪ የሚባለው ሰማያዊው ደግሞ በጉብታው ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ይጨምራል፤ ድምፁን የሚሰጠው ለብቻው የተሠራ ተንሸራታች ክፍል በመሆኑ ግን ቁልፉ ዳግመኛ እንዲሠራ ከተመዘገበበት ነጥብ ዘለግ ብሎ ወደ ላይ መመለስ አለበት። ይህ ልዩነት ለጸሐፊ ምንም አይደለም፤ አንዱን ቁልፍ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ለሚመታ ተጫዋች ግን እንቅፋት ነው።

በ1990ዎቹ ኮምፒዩተር ወደ ቤት ሁሉ ሲገባ ዋጋው ረከሰ፣ ከዋጋው ጋር ኪቦርዱም ረከሰ። በየቁልፉ ሥር ስዊች የመትከል ወጪ ቀርቶ፣ በፕላስቲክ ንጣፍ ላይ የጎማ ጉልላት የተዘረጋበት ኪቦርድ ገበያውን ያዘ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ይህ ጎማ ፊደሉን ለማስመዝገብ እስከ ታች ድረስ መጫን የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ ጣት በየፊደሉ ወለሉን ይመታል። በጃፓን ቶፕሬ የተባለው ኩባንያ ከጎማው ሥር ሾጣጣ ሞላ አስገብቶ፣ ብረት ከብረት ሳይነካካ ምዝገባው በኤሌክትሪክ ሙሌት ለውጥ የሚታወቅበትን የተሻለ መንገድ ያዘ። በዚያው ሀገር የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ኤይቲ ዋዳ ኮምፒዩተሩ ቢለዋወጥም ባለሙያው ይዞት የሚዞረው ትንሽ ኪቦርድ እንዲኖር ያቀረበው ሐሳብ በ1996 ሐፒ ሐኪንግ ተብሎ ለገበያ ሲወጣ፣ ኪቦርድ የሠራተኛው የግል መሣሪያ ነው የሚለው እምነት ዕቃ ሆኖ ታየ።

ሜካኒካሉን ከመረሳት ያወጡት ተጫዋቾች ናቸው፤ ምክንያታቸውም ከስሜት የሚያልፍ ነበር። የኪቦርድ ቁልፎች በረድፍና በዓምድ በተሳሰሩ ሽቦዎች መረብ የሚነበቡ በመሆናቸው፣ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች አብረው ሲጫኑ ኮምፒዩተሩ አራተኛውም የተጫነ ይመስለዋል፤ ርካሽ ኪቦርዶች ይህን ስሕተት የሚያስወግዱት አንዳንድ ቁልፎች አብረው እንዳይሠሩ በመከልከል ነው። እየሮጠ፣ እየዘለለና እየተኮሰ ሦስት አራት ቁልፍ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ተጫዋች በዚህ ይሸነፋል። በሜካኒካል ኪቦርድ ላይ በየስዊቹ አጠገብ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል ማስቀመጥ ስለሚቻል ሁሉም ቁልፍ በአንድ ላይ ቢጫን እንኳ እያንዳንዱ በትክክል ይታወቃል። ሬዘር የተባለው ኩባንያ በ2010 ብላክዊዶው የተባለውን የጨዋታ ኪቦርድ ሲያወጣ የመረጠው ሰማያዊውን ስዊች ነበር፤ ድምፁ ገዥን ማርኮ ሊሆን ይችላል እንጂ ቁልፉ ዳግመኛ እንዲሠራ ዘለግ ብሎ መመለስ ስላለበት ለጨዋታ የተሻለው ምርጫ አልነበረም፤ ገበያውም ከጊዜ በኋላ ወደ ቀዩ አደላ።

ለጽሕፈት የሚመርጥ ሰው ሚዛኑ ሌላ ነው፤ በአማርኛ የሚጽፍ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ሊያስብበት ይገባል። ከ200 የሚበልጡት ፊደሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁልፍ ሊኖራቸው ስለማይችል የጽሕፈት መኪናዎቹም ፊደሉን ከቅርጽና ከቅጥያ ይገጣጥሙ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ከገባ በኋላ በሰፊው በተለመደው የድምፅ አጻጻፍ ስልት ደግሞ ሳድሱ በአንድ ቁልፍ ሲጻፍ፣ ግዕዙን ጨምሮ ሌሎቹ ቤቶች አናባቢውን ለማምጣት ቢያንስ ሁለተኛ ቁልፍ ይፈልጋሉ። አንድ ገጽ አማርኛ የሚጠይቀው የቁልፍ ምት ከፊደሉ ቁጥር እጅግ ይበልጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው 60 ሴንቲኒውተኑ ጥቁር ስዊች እስከ ማታ ጣት ያዝላል፣ 45 የሚሆነው ቀዩ በአንጻሩ የሚያርፍን ጣት ሳያስታውቅ ያልተፈለገ ፊደል ይጨምራል። ቀለል ያለ ጉብታ ያለው ስዊች በመካከል የሚሻል ይመስላል። ሰማያዊው ለጸሐፊው የሚመች ቢሆንም አብሮት በአንድ ክፍል የሚሠራውን ሰው ጆሮ ማሰብ ግድ ነው።

የቼሪ የፈጠራ መብት ጊዜው ካለቀ በኋላ፣ በ2010ዎቹ በቻይና በጓንግዶንግ ግዛት ያሉት ካይልና ጌትሮን የተባሉ ኩባንያዎች በዚያው የመስቀል ቅርጽ የራሳቸውን ስዊች በብዛት አመረቱ፤ ሬዘርም በ2014 የራሱን ስም የያዙ ስዊቾች አወጣ። ዋጋው ወረደ፣ ዓይነቱ በዛ፣ ስዊቹን ያለ ብየዳ ነቅሎ በሌላ መተካት የሚያስችሉ ሶኬቶችም ተለመዱ፤ ስለዚህ ምርጫ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ውሳኔ መሆኑ ቀረ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የመጨረሻው አዲስ ነገር አሮጌ መሆኑ ነው። ኤድዊን ሆል በ1879 ማግኔት በኤሌክትሪክ ፍሰት ላይ የሚያሳድረውን ውጤት ደርሶበት ነበር፤ የሐኒዌል ኩባንያ ማይክሮ ስዊች ክፍል በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ ወደ ኪቦርድ አምጥቶ፣ ቁልፉ ላይ የተተከለ ማግኔት ሲወርድ የሚታወቅበትን፣ የሚነካካ ብረት ስለሌለው የማያረጅ ስዊች ሠራ፤ ውድ በመሆኑ ግን ከቢሮ ወጣ። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ዉቲንግ በ2020ዎቹ መጀመሪያ ማግኔቱን ለተጫዋቾች ሲመልሰው ዓላማው ዕድሜ ሳይሆን ልኬት ነበር፤ ስዊቹ ተጫነ ወይም አልተጫነም ከማለት አልፎ ቁልፉ ምን ያህል እንደወረደ ዘወትር ስለሚያውቅ፣ ጣት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ወደ ላይ ሲመለስ ምዝገባውን ማቋረጥ ይችላል። በዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች አብረው ሲጫኑ የኋለኛውን ብቻ የሚያሳልፉ ኪቦርዶች ወጡ፤ የጨዋታ አምራቹ ቫልቭ በነሐሴ 2024 በካውንተር ስትራይክ 2 ጨዋታው ላይ ይህን የመሰለ በራሱ የሚሠራ እገዛ ከለከለ፤ ስዊቾቹን ራሳቸውን ግን አልነካም፤ የከለከለው ኪቦርዱ በተጫዋቹ ጣት ፈንታ የሚወስነውን ውሳኔ ነው።