7 ዓመት ላይ የቆመው ልጅ

በስልካችሁ ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም የምታዩ የእንጅባራና የዳንግላ ወጣቶች፣ የልጆቹን ዕድሜ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? “ስታር ትሬክ” ውስጥ አሌክሳንደር የሚባል ልጅ አለ። የመፀነሱ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1989 ታየ፤ በ1990 ሲመጣ ግን የሚሮጥና የሚናገር ልጅ ሆኗል። በ1997 ደግሞ ወታደር ሆኖ ይሰለፋል። ቢበዛ 8 ዓመቱ ነው! “ስትሬንጀር ቲንግስ” ተቃራኒው ነው። ከ2016 እስከ 2025 ተዋንያኑ 9 ዓመት ሲያድጉ፣ የታሪኩ ዋና ክፍል ከ1983 እስከ 1987 ድረስ 4 ዓመት ብቻ ተራመደ።

ደራሲ ጦረኛ ሲያስፈልገው ልጁን በአንድ ጊዜ ያሳድገዋል፤ ሕፃን ሲያስፈልገው ደግሞ ያቆየዋል። በፊልም ያስቃል። እኛ ግን አንድ የእውነት ልጅ እንዲህ አድርገናል።

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ መቅደላ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው ሲሞቱ፣ 7 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ዐረፉ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር የተነሣውን ፎቶ ታውቁታላችሁ፤ ዓይኑ ያዘነ ሕፃን። ትረካችን ብዙ ጊዜ ከመርከቡ ተነሥቶ መቃብሩ ላይ ያርፋል። የተቀበረው ያው ሕፃን ይመስለናል።

በመካከሉ 11 ዓመት አለ። አማርኛ የሚችለው መኮንን ካፒቴን ስፒዲ አሳዳጊው ሆኖ ሕንድ ድረስ ይዞት ሄደ። ኋላ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ከስፒዲ ለየው፤ ሁለተኛ አባት እንደ ማጣት ይመስለኛል። ራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልሆነለትም። ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሲሞት 18 ዓመቱ ነበር። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ዕድሜ ማለት ነው።

የተቀበረው በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሠሩለት የናስ መታሰቢያ ላይ፣ በማቴዎስ 25 እንግዳን ስለ መቀበል የተነገረው ቃል ተቀርጿል። በእርግጥ ተቀብለውት ነበር? ይህን የ7 ዓመቱን ሕፃን ብንጠይቀው ምን ይመልስልናል? መልሱ ያለው ሳንድኸርስት ውስጥ ብቻውን በነበረው ጎረምሳ ዘንድ ነው። እሱን ደግሞ ከታሪኩ አውጥተነዋል፤ ሕፃን ይበልጥ ያስለቅሳልና።

አፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ሳይቀበል ቀረ። ያኔም በብዙ ቦታ የወጣው የሕፃንነቱ ፎቶ ነበር። አድጎ፣ የአውሮፓ ሱፍ ለብሶ የተነሣው ሌላ ፎቶ አለ። ፈልጋችሁ እዩት።